የሐጃ ሐዋ ገበቴ

ለወርቅ ማዕድን ሥራ ወደ አሶሳ ልሄድ ዋዜማው ማታ እናቴ የበግ ጠጉር ባናውን ጠቅልላ አስታቀፈችኝ። መንዝ ተወልዳ መንዝ ያረጀች ሴት ናትና ብርድ የሌለበት አገር አለ ቢሏት አታምንም። እጮኛዬ አስካለ በሩ ጥግ ቆማ ነበር። የተናገሩት አባቷ ናቸው። «ወርቅ አገር ከሄደ አይቀር የቀለበቱን ወርቅ እዚያው ከመሬቱ ያምጣ» አሉ። የጋብቻው ሽማግሌዎች ተስማሙ፤ እኔም ጎመን ቆርጠህ አምጣ የተባልኩ ይመስል እሺ አልኩ።

ከአገር ሳይወጡ ምን ስደት አለ ትሉኝ ይሆናል። ኑና እዩት። አውቶቡሱ ባምባሲን አልፎ አሶሳ ሲደርስ ባናው እንደ በሽተኛ ዘመድ ከበደኝ። እኛ ዘንድ ሰው ፀሐይ ፍለጋ ይወጣል፤ እዚህ ከፀሐይ ሸሽቶ ማንጎ ሥር ይገባል። አጥሩ ቀርከሃ፣ ገንፎው ከባሚያ ወጥ ጋር፣ ሰላምታው ግማሹ ዓረብኛ። ቀበሌ ሄጄ መታወቂያ ስጠይቅ ጸሐፊው መሸኛዬን አገላብጦ እስከ መቼ እንደምቆይ ጠየቀኝ። ወርቅ እስካገኝ ድረስ ነው አልኩት።

«እንግዲያው ቋሚ ነዋሪ ነህ» አለና ማኅተሙን መታው።

እውነቱን ነው። ወርቅ ማዕድን ሲባል ሁላችንም ወርቅ የምንዝቅ ይመስላችኋል። የእኔ፣ የዶዘር ኦፕሬተሩ፣ ሥራ ከወርቁ በላይ ያለውን መግፋት ነው፤ ሣሩን፣ ዛፉን፣ ቀዩን አፈር። ወርቁ ሲቃረብ «በቃህ፣ ማሽንህን አውጣ» ይሉሃል፤ ከዚያ በኋላ ኤክስካቫተሩ ይገባል፣ ዘበኛው ይቆማል። ሠርግ ቤት ተጠርቶ ሽንኩርት ብቻ ልጦ የሚመለስ ሰው ነኝ። እናቴ በደወለች ቁጥር «አየኸው?» ትላለች። ምን ልበላት? አፈር ብቻ ነው የማየው።

የተከራየሁት ከማዕድኑ አጠገብ ባለች መንደር፣ ሐጃ ሐዋ ከሚባሉ የበርታ ባልቴት ግቢ ነው። አማርኛን እንደ እኔ ከእናታቸው ሳይሆን ከገበያ ነው የተማሩት፤ ግን የፈለጉትን ነገር ሳይናገሩ ቀርተው አያውቁም። ክረምት ሲገባ ገበቴያቸውን ተሸክመው ከመንደሩ ሴቶች ጋር ወደ ወንዙ ወርደው ወርቅ ያጥባሉ። የሚያጥቡት እኔ ገፍቼ የጣልኩትን፣ ዝናብ ወደ ወንዙ ያወረደውን አፈር ነው። የቀለበቱን ነገር ስነግራቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«አንተ አፈር ይገፋል፣ እኔ አፈር ያጥባል» አሉኝ። «ደሃብ ለማን ይሆናል?» ወርቁን ማለታቸው ነው።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር መዳፌ ላይ አስቀመጡ። ፈታሁት። ከጤፍ የምትበልጥ፣ ከስንዴ የምታንስ ቢጫ ነገር። የወርቅ ማዕድን ሠራተኛ ሆኜ ወርቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። ልክፈል ብላቸው ተቆጡ። ልጅቱን አምጣት፣ ሌላ ክፍያ የለም አሉ።

በዚያው ሰሞን የወንዙን ዳር እንድገፋ ታዘዝኩ። ሱፐርቫይዘሩ ትንሽ ሰው ነው፣ ካርታው ግን ትልቅ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋው ሰውየው ከኋላው ይጠፋል። እዚያ ሴቶች ወርቅ እንደሚያጥቡ ነገርኩት፤ ክረምቱ እስኪወጣ እንኳ እንጠብቅ አልኩት። ካርታውን በጣቱ ተከተለው።

«እዚህ ላይ ሴቶች የሉም» አለኝ።

እኔ ካልገፋሁት የዶዘሩን ቁልፍ የሚቀበለኝ ሌላ ሰው አለ፤ እሱም እንደኔ ባናውን ተሸክሞ የመጣ ነው። ገፋሁት። እስከ ማታ ወንዙ በአፈር ተሞልቶ ውሃው ሌላ መንገድ ይፈልግ ነበር። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ሲባል እሰማ ነበር፤ እኔ ያን ሁሉ ጠጠር በዶዘር ነው የመለስኩት።

ማታ ሐጃ ሐዋ ደረቅ ገበቴያቸውን ግድግዳው ላይ ሰቀሉና እንደ ወትሮው ገንፎዬን አቀረቡልኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። አፈርኩ፤ ጎረስኩም። በልቼ ስጨርስ ማሽኑ ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄድ ጠየቁኝ። ቀጥሎ የሚገፋውን መሬት የሚያሳዩት ቀይ ጨርቅ የታሰረባቸው ችካሎች ከጓሮው ማንጎ ማዶ ተተክለዋል፤ እሳቸውም አይተዋቸዋል፣ እኔም አይቻለሁ። አላውቅም አልኳቸው።

«ያ ወለዲ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። «ቶሎ ሚስት ያመጣል አንተ። ሚስት ያለው ሰው፣ የሰው ቤት አይገፋም።»

ትናንት አስካለ ደወለች። ወርቁን ማግኘቴን ስነግራት ከጎኗ እናቴ እልል ስትል ሰማሁ። መንዝ በረዶ እንደጣለ፣ ባናውንም ብል እንዳይበላብኝ ፀሐይ ላይ እንዳሰጣው ነገረችኝ። የዚያን አገር ብርድ እንዲህ እናፍቃለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ከዚያ መቼ እንደምመጣ ጠየቀችኝ። ወርቁ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ከአሶሳ አውቶቡስ በየቀኑ ይነሳል፤ የሚይዘኝ ነገር የለም። ብሄድ ቁልፉን ሌላ ሰው ይረከባል። ብቀር ደግሞ ይህን ግቢ የምገፋው እኔ ነኝ።

«የያዘኝ የተከራየሁት ቤት ነው» አልኳት። «ትቼው መምጣት ከበደኝ።»

«እንዴ» አለች እየሳቀች፣ «የሰው ቤት አይደለም እንዴ? ምን አስጨነቀህ?»

ሐጃ ሐዋ በራፍ ላይ ተቀምጠው ባሚያ ይከትፋሉ። ከማንጎው ማዶ የችካሉ ቀይ ጨርቅ በነፋስ ይወዛወዛል።

«አዎ» አልኳት። «የሰው ቤት ነው።»