ባሕር የሌላት አገር ባሕር ኃይል

ዛሬ ጠዋት ስልኬ ላይ ያነበብኩት ነገር ቁርሴን አስጥሎኛል። ቦሊቪያ የባሕር በሯን በጦርነት ካጣች ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗታል፤ ባሕር ኃይሏ ግን ዛሬም አለ። መርከበኞቿ የሚሠለጥኑት ተራራ ላይ ባለ ሐይቅ ነው!

ሦስት ቦታ አመሳከርኩ። እውነት ነው።

የእኛ ባሕር ኃይል በፈረሰበት ሰሞን፣ ዘሀራ የምትባል ተማሪዬ ይህንኑ ክፍል ውስጥ ተናግራ ነበር። ከባሕር ኃይል የተመለሰ ወንድሟ ነግሯት ነው። እኔ ግን «ባሕር ሳይኖር?» ብዬ ክፍሉን አሳቅኩባት። እስኪደወልም አቆምኳት።

ዛሬ ከሚሴ ገበያ ወዳለው የእህል መደብሯ ሄድኩ። ነገርኳት።

«ወላሂ፣ ዛሬ ገና ገባዎት?» ብላ ሳቀች። «እንግዲያው እርስዎም እስኪደወል ይቁሙ!»

ቆምኩ። ማሽላ ሊገዙ የመጡት ሁሉ አዩኝ።

«አብሽሩ መምህር፣ ይቀመጡ» አለችኝ ቆይታ። «ብቻ ከዚያ ቀን ወዲህ ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ አላውቅም።»

ቤቴ ከገባሁ ጀምሮ መረጋጋት አቅቶኛል። ስንቱን ዝም አሰኝቼ ይሆን?

ልክ ሆናችሁ ሳለ ያሳቅኩባችሁ ተማሪዎቼ ካላችሁ፣ ጥያቄውን ከነመልሳችሁ ጻፉልኝ። እርማቱን እንደ አዲስ እሠራለሁ።