ጨው የበዛበት ሾርባ

ተቅማጥ ላዳከመው ሰው ውሃ ማጠጣት ደግነት ነው ይባላል። አይደለም። ውሃ ብቻውን ሰው ሊገድል ይችላል። ይህን የምለው ከሰው ሰምቼ ሳይሆን ራሴ ስላጠጣሁ ነው።

የያዙኝ ሶዶ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከባጃጅ አውርደው ነው። ስለ ክልል ጥያቄ በማኅበራዊ ገጼ ላይ የለጠፍኩትን ጽሑፍ አንደኛው አትሞ ይዞት ነበር። የጻፍኩት ነገር ታትሞ ሳየው ከስንት ዓመት በኋላ ነው፤ ትንሽ ደስ እንዳለኝ አልደብቅም። ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። የበቆሎ ብናኝ ሽታ ከግድግዳው አልለቀቀም። ከጣሪያው ሥር ባለችው ቀዳዳ የዳሞታ ተራራ ጫፍ ይታያል፣ ያውም ደመና ካልሸፈነው። ሃያ ሁለት ሰው ነበርን፤ የመጸዳጃው ባልዲ አንድ።

ከአጠገቤ የሚተኙት የቢጠና ከተማ ሰው ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር። ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። የተከሰሱት ሕገ ወጥ ስብሰባ በመምራት ነው። እሳቸው የመሩት የለቅሶ ድንኳን ውስጥ የነበረውን የምግብ ሰልፍ ብቻ እንደሆነ ይናገሩ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሁላችንንም አሰልፈው ማባዛት ይጠይቁናል። የተሳሳተ ባልዲውን ይደፋል። ሰባት ጊዜ ስምንት ላይ ሁለት ጊዜ ተሳስቼ ሁለት ጊዜ ደፍቻለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ተቅማጥና ትውከት ያዛቸው። ከመካከላችን ሕክምና የሚያውቅ አንድ ነርስ ነበር፤ ከሰሜን ተመድቦ የመጣ። እኛ ዘንድ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ስለሆነ "ነርስ ነኝ" ቢለንም ዶክተር እያልን እንጠራዋለን። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ለምርመራ ወሰዱት። ሥልጣኑ ለእኔ ተረፈ። ብዙ ያነበበ ሰው ጣጣው ስለማያውቀውም ነገር ሲናገር ድምፁ አለመንቀጥቀጡ ነው።

"የሚያስፈልጋቸው ውሃ ነው፤ ምግብ ይቅርባቸው" አልኩ።

ማንም አልተከራከረኝም። እስረኛው ሁሉ የመጠጥ ውሃውን አዋጣ። ጠርሙስ በጠርሙስ አጠጣኋቸው። ሲያስመልሳቸው እንደገና እሞላለሁ። ልጅ ሆነው እናታቸው የሚያጠጧቸው ይመስል እሺ እያሉ ጠጡ።

ከቀትር በኋላ ግድግዳውን ማስተማር ጀመሩ። ባታቸው እየተኮማተረ ያስጮኻቸዋል፤ ወዲያው ደግሞ ወደ ትምህርታቸው ይመለሳሉ። አንድ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ "ይህ መንፈስ ነው" ብሎ እጁን ጭኖ ጸለየላቸው። በዚህ መሃል መርማሪው ገባ። ለጠየቃቸው ሁሉ "አዎ፣ ጎበዝ" ብለው መለሱለት፤ ተማሪያቸው መስሏቸው ነው። መርማሪው ሁሉንም ጽፎ ሄደ።

ነርሱ ሲመለስ መጀመሪያ ያየው እሳቸውን አልነበረም። ባዶዎቹን ጠርሙሶች ነው።

"ማን ነው ያጠጣቸው?"

"እኔ።"

"ጨው ነበረው? ስኳር?"

"ውሃ ነው።"

አጠገባቸው ተንበረከከ። "ጋሼ፣ ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት ነው?"

ፈገግ አሉ። "እናቴ ገበያ ሄዳለች። ስትመጣ ጠይቃት።"

ማንም አልሳቀም።

"ጨዋቸው በተቅማጡ ወጥቷል" አለኝ ነርሱ፣ የእጃቸውን የደም ሥር እንደያዘ። "የቀረውን ደግሞ እርስዎ በውሃ አቀጠኑት። ጭንቅላት ያለ ጨው አይሠራም። ሙዝ ውስጥ የሚገኘው ፖታሲየማቸውም ሳይወርድ አልቀረም፤ የልብ ምታቸው እየዘለለ ነው።" እርስዎ ማለቱ ከስድብ በላይ ተሰማኝ።

በሩን ደበደብን። ጠባቂው መጣ።

"ምን ፈለግህ፣ ደራሲ?"

"ሐኪም። ካልሆነ ጨው።"

"ጨው! ዓይናችን ላይ ልትበትን?" ጨውና በርበሬ ወደ ክፍሉ አይገቡም ነበር። "ደግሞስ ሽማግሌው ምን ሆኑ? አሁን ቃላቸውን ሰጥተው የለም እንዴ? ቃሉን የሰጠ ሰው ደህና ነው።"

ነርሱ ድምፁን አለሰለሰ። "እሺ ወንድሜ። ምግብ አልጥም ብሏቸው ነው። በር ላይ ላሉት ባለቤታቸው ንገርልን። ሾርባው ላይ ጨው ያብዙ፣ ሙዝም ይጨምሩ።"

"እስር ቤት ገብቶ ምግብ ማማረጥ!" ብሎ ሳቀ ጠባቂው። ቢሆንም በወላይትኛ ሲነግራቸው ሰማን።

ከውጭ የሚመጣ ምግብ ደንብ አለው፤ ያመጣው ሰው ጠባቂው ፊት መቅመስ አለበት። ባለቤታቸው ማታ ሾርባውን ይዘው ሲመለሱ በበሩ ስንጥቅ አየናቸው። ነጠላቸውን አጠበቁ፣ ክዳኑን ከፈቱ፣ አንድ ማንኪያ ጠጡ።

"ጣፈጠ?" አላቸው ጠባቂው።

"ደህና ነው" አሉ። ማንም ሳይጠይቃቸው ሁለተኛ ማንኪያ ደገሙ። ፊታቸው አልተለወጠም።

ሳህኑ ሲደርሰን ቀመስኩት። ምላስ ያቃጥላል። ነርሱ በውሃ አለዘበው፤ ከጠዋቱ ሻይ የተረፈች ስኳርም ጨመረበት። "ከእንባ የበለጠ ጨው ጨው ካለ ይጎዳቸዋል" አለ። እየተቀባበልን ቀመስን። ልኩን ሁላችንም እናውቀው ነበር። ከዚያ በማንኪያ፣ በማንኪያ፣ ሳንቸኩል።

በማግስቱ ቀትር ላይ ቀና ብለው ዙሪያውን አዩ።

"ባልዲውን ያልደፋው ማን ነው?"

ነርሱ ሰባት ጊዜ ስምንትን ጠየቃቸው።

"ሃምሳ ስድስት። ዶክተር ሆነህ ይህን አታውቅም?"

ያን ቀን ስቀናል። ከዚያ መርማሪው ወረቀቱን ይዞ መጣ። ጋሼ ኮታቸውን ቆለፉ፣ ወረቀቱን ከዓይናቸው አርቀው አነበቡት።

"ሦስት ቤት፣ በየቤቱ አሥራ አምስት ሰው አወያየሁ ይላል። ድምሩ አርባ ነው ይላል።"

"እና?"

"አርባ አምስት ነው።"

"አስተካክለህ ፈርም።"

"ልጄ፣ ድምሩ ቢስተካከልም ነገሩ ሐሰት ነው።" እስክሪብቶውን ተቀብለው ወረቀቱን ከጥግ እስከ ጥግ ሰረዙት፤ የወደቀ ተማሪ የፈተና ወረቀት ይመስል። ከዚያ ወረቀቱንም እስክሪብቶውንም በሁለት እጃቸው መለሱለት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤት የሚመጣ ምግብ ታገደ። ተቅማጡ ገና አልቆመም ነበር። በሦስተኛው ቀን በብርድ ልብስ ተሸክመው አወጧቸው። ባለቤታቸው በር ላይ፣ በፌስታል ሙዝ ይዘው ቆመው ነበር። ጋሼ ሐኪም ቤት አልደረሱም። ወሬውን ስንሰማ ነርሱ "ልባቸው ነው" አለ።

ዛሬ ነፃ ነኝ፣ ያው እንደሚባለው። ሶዶ እኖራለሁ፣ ዳሞታን ሙሉውን አያለሁ። ወዳጆቼ "የገደላቸው እገዳው እንጂ ያንተ ውሃ አይደለም" ይሉኛል። እገዳው እንደገደላቸው አውቃለሁ። ግን ሰውዬውን አድክሜ ለእገዳው ያስረከብኩት እኔ ነኝ። ነርሱን ከተፈታን በኋላ ቦዲቲ መናኸሪያ አገኘሁትና ጠየቅሁት። አውቶቡሱ እስኪሞላ ስለ ሌላ ነገር አወራኝ።

ስለዚህ አትዘኑልኝ፤ ለእኔም ለእሳቸውም አይጠቅምም። አሁን ተነሡና በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ። ቅመሱት፣ ልኩን በቃላችሁ ያዙ። በሽተኛችሁን ሰባት ጊዜ ስምንት ጠይቁት። የሚያውቀውን ከሳተ ውሃ መገልበጣችሁን ተዉና ተሸክማችሁ ሐኪም ቤት አድርሱት።