ዳኛ ሆኜ የሠራሁበት ቴአትር

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ሁለተኛ ነበርኩ። ትሕትና እንዳይመስላችሁ፤ እስከ ዛሬ ያበሽቀኛል። ከጋይንት፣ ከቤተ ልሔም አካባቢ ነው የመጣሁት። የቄስ ልጅ ነኝ፤ ዳዊት ደግሜ፣ ቅኔ ጀማምሬ ነው እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ፣ ዘመናዊ ትምህርት ቤት የገባሁት። ትምህርት የሚባል ነገር ለእኛ ቤት የተሰጠ ይመስለኝ ነበር። አንደኛ የሚወጣው ግን ደባሌ ነው።

ደባሌ ከስማዳ፣ ከወገዳ ወዲያ ነኝ ይል ነበር። ከአንዲት ጠላ ሻጭ ግቢ አንድ ጠባብ ክፍል ተከራይተን፣ ከየአገራችን በምናመጣው ስንቅ አብረን እንኖራለን። ከእኔ በሁለት ዓመት ይበልጣል፤ ሃያ ሳይሞላው አይቀርም። በጃንሆይ ዘመን ጢም ያበቀለ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ብርቅ አልነበረም። የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የስምንተኛ ክፍልን ፈተና አልፎ መምህራን ማሠልጠኛ መግባት። እዚያ ቀለቡም መኝታውም የመንግሥት ነው። «ከዚያ ወዲያ የማንንም ፊት አላይም» ይለኛል፣ ኩራዙን ወደ ደብተሩ እያስጠጋ።

ያን ዓመት ፋሲካን አገሬ ውዬ ስመለስ እናቴ ቋንጣ አስያዘችኝ። «ለጓደኛህም» ብላ ለብቻው ቋጥራ ነው የሰጠችኝ። ሠርቼ አቀረብኩለት። «ሥጋ አይስማማኝም» አለና ቆሎውን ዘግኖ ወጣ። ሁዳዴን ሙሉ አብሮኝ ሽሮ ሲበላ የከረመ ሰው፣ በፍስክ እናቴ የላከችለትን አልቀምስም ሲል የእናቴን እጅ የተጸየፈ መሰለኝ። ቂም ያዝኩበት።

ከፋሲካ በኋላ መምህራችን ለወላጆች ቀን የሚሆን ቴአትር አመጣ። ከአዲስ አበባ የተመደበ፣ ልብሱም ንግግሩም ለከተማችን የማይስማማ ወጣት ነበር። ቴአትሩ ከባሕር ማዶ የመጣ የድሮ ታሪክ ነው። አንድ አይሁዳዊ አበዳሪ አለ፤ አንድ ነጋዴ ሲሰድበውና ሲተፋበት ይኖራል። በኋላ ነጋዴው ራሱ ሊበደር ይመጣል። አበዳሪው ገንዘቡ በቀኑ ካልተመለሰ ከነጋዴው ገላ ሥጋ እቆርጣለሁ ብሎ ያስፈርመዋል። ቀኑ ያልፋል፤ ነገሩ ዳኛ ፊት ይቀርባል።

መምህሩ አይሁድ ምን ዓይነት ሰዎች እንደሆኑ ሊያስረዳን ሲጀምር አላስጨረስነውም። «ፈላሻ ነዋ!» አልን በአንድ ድምፅ። ማረሻ የሚቀጠቅጥልን፣ ሚስቱ እንስራ የምትሠራልን፣ ከደጃፋችን ግን የማናሳልፈው ሰው። ልጅ ሆዱን ሲቆርጠው ቡዳ ነው፣ እሱ በላው እንላለን። በማግስቱ ማረሻውን ከዚያው ሰው እጅ ተቀብለን እናርሳለን፤ የታረሰውንም እንበላለን። ይህ እንዴት እንዳልታየን ዛሬ ሳስበው ያመኛል።

አበዳሪውን ሆኖ የሚሠራ ጠፋ። ፈላሻ የሚል ስም ከወጣበት ወዲያ ማን ልጁን ይድርለታል? መምህሩ ደባሌን መረጠው፤ ረጅሙን ንግግር በቃሉ መያዝ የሚችለው እሱ ነው። «መምህር፣ እባክዎ ለሌላ ይስጡት፤ እኔ አሽከሩን ልሁን» ብሎ ለመነ። መምህሩ እንቢ አለ። እኔን፣ ድምፄ ለንባብ የተገራ ነው ብሎ፣ ዳኛ አደረገኝ።

አንድ ቀን ልምምድ ላይ መምህሩ ደባሌንና የአበዳሪውን አይሁዳዊ ወዳጅ ሆኖ የሚሠራውን ልጅ ተመለከታቸውና፣ «አይሁድ ማተብ አያስርም። ለጊዜው ፍቱት» አላቸው። ልጁ ክው አለ። «አንገቴን ይቁረጡኝ እንጂ አልፈታም!» ብሎ ጮኸ። ማተብ ከክርስትናችን ቀን ጀምሮ ከአንገታችን የማይወርድ ነው፤ ሌባ እንኳ አይፈታውም። ሁላችንም በልጁ ጩኸት ሳቅን። ደባሌ ንግግሩን እያጠና ነበር። ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ በአንድ እጁ ቋጠሮውን ፈታ፤ የጫማ ክር የፈታ ያህል እንኳ አላሰበበትም። ኪሱ ከተተውና ማጥናቱን ቀጠለ።

ሌላው ሁሉ ልጁን ነበር የሚያየው። እኔ ግን ደባሌን አየሁት። ክርስቲያን ያረደውን ቋንጣ አለመቅመሱ፣ አገሩን ላየው ስለው ሰበብ መፍጠሩ፣ የአባቱን ሥራ ጠይቄው ወሬ መለወጡ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣልኝ። ከቤተ እስራኤል ወገን ነው። ቢታወቅ ማን ቤት ያከራየዋል? ማን ከጎኑ ይቀመጣል? ፈተናውን ሳያይ ይባረራል። ይህን ሁሉ አውቄ አልደነገጥኩም። ደስ አለኝ። አልዋሽም፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

የወላጆች ቀን ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ዋለ። የትምህርት ቤቱ ግቢ በሰው ሞላ፤ ቄሶቹ ጥላቸውን ዘርግተው፣ አከራያችን ደግሞ ከፊት አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ደባሌ ከበግ ጠጉር የተሠራ ጢም ለጥፎ ወጣ። ሰው ሳቀበት፣ አንዳንዱም እንትፍ እንትፍ አለ። ንግግሩ ጋ ሲደርስ የተጻፈለትን ተወው።

«ማረሻ ሲሰበርባችሁ በሬ ሳትፈቱ ወደ ማን ነው የምትሮጡት? ውሃ የምትቀዱበትን እንስራ ማን ሠራው? ልጃችሁ ሲታመም ግን በላተኛው እኔ ነኝ!»

መምህሩ ቴአትሩን አገርኛ አደረገልኝ ብሎ ፈገግ ይላል። እኔ የተውሶ ካባዬን ለብሼ ተራዬን እየጠበቅኩ፣ ሰው ሁሉ እሱን ብቻ እያየ መሆኑ አቃጠለኝ። እዚህም አንደኛ!

በቴአትሩ መጨረሻ አበዳሪው ይሸነፋል፤ ክርስቲያን እንዲሆንም ይፈረድበታል። መምህሩ ይህን ለሕዝቡ ለማሳየት ዳኛው ማተብ እንዲያስርለት አድርጎ ነበር። ስለ ምሕረት የምናገረውን ሁሉ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርኩ። ከዚያ ደባሌ ፊቴ ተንበረከከ። ማተቡን አንገቱ ላይ ሳስር፣ ወረቀቱ ላይ የሌለ ነገር በዚያው የንባብ ድምፄ ጨመርኩ።

«ይኸኛውንስ የእውነት እሰረው!»

እልልታው ቀለጠ። ሰው የቴአትሩ ቃል መሰለው። ደባሌ ቀና ብሎ አየኝ። ፊቱ ላይ ቁጣ ብፈልግ አጣሁ፤ ፍርሃት ብቻ ነበር።

ቤት ስንደርስ አከራያችን ግቢው መሐል ቆመው ጠበቁን። «አንተ፣ ልጄ፣ ‹ይኸኛውንስ የእውነት› አልክ አይደል?» አሉኝ እየሳቁ። «የፊተኛው የምን ነበር ታዲያ?»

«ቴአትር ነው እኮ እትዬ» ብል ይበቃ ነበር። ደባሌ አጠገቤ ቆሞ ያችን ቃል ይጠብቃል። ምላሴ ተሳሰረ እንዳልል አልተሳሰረም፤ ዝም ያልኩት ፈልጌ ነው። የሴትዮዋ ሳቅ ቀስ በቀስ ጠፋ። ደባሌን ከእግር እስከ ራሱ አዩት፤ አማተቡ። ከዚያ ያዋሱንን እንስራ ከደጃፋችን አንስተው ወደ ቤታቸው ገቡ።

ደባሌ ደብተሮቹን በነጠላው መቋጠር ጀመረ። ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። አሁን፣ ከሆነ በኋላ፣ ሆዴ ባባ።

«እኔ ለማንም አልናገርም» አልኩት።

«ተናገርክ እኮ።»

«ፈተናውን ተፈተን እንጂ! ሌላ ቤት እንፈልጋለን።»

ቋጠሮውን አጠበቀ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞሮ፣ የሒሳብ ስሌት እንደሚጠይቀኝ ሁሉ ረጋ ብሎ፣ «ሁለት ሳምንት ነበር የቀረኝ። ከፈተናው በኋላ ብትለው ምን ነበረበት?» አለኝ። ወጣ።

የፈተናው ዕለት ከደብረ ታቦር የመጣ ፈታኝ ስማችንን ይጠራ ነበር። የደባሌን ስም ሁለት ጊዜ ጠርቶ መልስ ሲያጣ ቀና አለ። አንድ ልጅ ወደ እኔ ጠቆመና «የእሱ ደባል ነው» አለ።

«የት ሄደ?» አለኝ ፈታኙ። «ታሞ ከሆነ ንገረኝ፤ በሌላ ቀን እንዲፈተን እጽፍለታለሁ።»

ሰውየው እርሳሱን እንደያዘ ጠበቀኝ። ታሟል ማለት ነበረብኝ። ስማዳ ድረስ ሄጄ ብፈልገው ቢበዛ ሁለት ቀን ነው።

«አላውቅም» አልኩ።

ስሙን ሰረዘው። በዚያ ፈተና አንደኛ ወጣሁ።