የኮሶው ጠባሳ

አጎቴ ሲሞት ለቅሶ ላይ የተናገሩት ሁሉ ዳሞታ ተራራ ሥር ያለውን ትልቁን ኮሶ ያዳነው እሱ ነው አሉ። ጥግ ይዤ ሰማሁ። ዝም ያልኩት የለቅሶ ቤት ስለሆነ ነው። ለቅሶው አሁን አብቅቷል።

ነገሩ የሆነው ጣልያን ሶዶ ከገባ በኋላ ነው። እኔ ውሃ የምቀዳ፣ እንሰት ሲፋቅ የማግዝ ልጅ ነበርኩ። ኮሶው ከቤታችን በላይ፣ ጫካው ከሚጀምርበት ላይ ቆሟል። ባለቤት አልነበረውም፤ ሕግ ግን ነበረው። አበባው በእጅ ይቀጠፋል እንጂ ብረት አይነካውም። የጫፉ አበባ ለዘር ይቀራል። መድኃኒት ፈልጎ የመጣ ሰው አስቀድሞ ግንዱ ላይ የተጠመጠመውን ሐረግ ይነቅላል። መድኃኒቱን የምታዘጋጀው እናቴ ነበረች፤ ይህን ላላደረገ አትሰጥም፤ ለባላባትም ቢሆን። በአዲስ ዓመታችን በጊፋታ በዓል መንደሩ ሁሉ ጥሬ ሥጋ ስለሚበላ፣ ከበዓሉ በኋላ ደጃችን ሰው አይጠፋም ነበር።

አጎቴ የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው። ጣልያኖቹ ለሰፈራቸው እንጨት የሚያስቆርጥ አለቃ ሲፈልጉ ራሱ ሄዶ ተሾመ። የጎተተው የለም። አንድ ጠዋት የመንደሩን ወንዶች መጥረቢያ አስይዞ ኮሶው ሥር ደረሰ። አባቴም አብሯቸው ነበር፤ መሬት መሬት እያየ ቆመ። እሱንም አልረሳሁለትም።

እናቴ የባሏን ታላቅ ወንድም ቀና ብላ አይታው አታውቅም፤ ነውር ነው። ያን ቀን ግን ግንዱን ተደግፋ ቆመች። አጎቴ መጀመሪያ ሣቀባት፣ ቀጥሎ ሰደባት፣ በመጨረሻ መጥረቢያ ነጥቆ ከትከሻዋ አጠገብ ግንዱን መታው። አልተነቃነቀችም።

«ምን ያንገበግብሻል? ያውልሽ፣ ከታች ሌላ ኮሶ አለ» አላት።

«ያኛው ወንዴ ነው» አለች ፊቱን እያየች። «የወንዴው አበባ ሆድ አይጠርግም። ጥሬ ሥጋ ደግሞ ከእርስዎ በላይ የሚወድ በዚህ አገር የለም። ይቁረጡት፤ ከጊፋታ በኋላ ግን ወደ እኔ እንዳይመጡ።»

ከወንዶቹ አንዱን ሣቅ አመለጠው። ሌሎቹም ተከተሉት፣ አባቴም ጭምር። አጎቴ መጥረቢያውን ወርውሮ ቁልቁል ወረደ። በንዴቱ ከምንጫችን በላይ የነበረውን ዝግባ አስቆረጠ። ምንጩ በበጋ መድረቅ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ይህን በለቅሶው ላይ ያነሣ የለም።

ጊፋታ አለፈና አጎቴ ሆዱን ይዞ መጣ። እናቴ በጣቷ ሐረጉን አሳየችው። እያጉረመረመ ነቀለ። ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ዛፉን ሲያጸዳ አዩት። የዛፍ ጠባቂ የተባለው ያን ጊዜ ነው። እሱም አላስተባበለም፤ ዕድሜውን ሙሉ በዚያ ስም ተከበረ። እናቴን ያመሰገነ ግን አልሰማሁም።

በቅርቡ የአጎቴ ልጅ መጣ። ኮሶው ሥር የአባቱ ስም የተቀረጸበት ድንጋይ ሊያቆሙ አስበው፣ ከዚያ ዘመን የቀረሁት እኔ ስለሆንኩ ለሰው እንድመሰክር ፈለገ። ይዤው ወጣሁና እጁን ጠባሳው ላይ አስቀመጥኩት። ቅርፊቱ ዙሪያውን አብጦ ቢከበውም አልገጠመም።

«ይሄ የአባትህ እጅ ነው። ድንጋዩን ፊት ለፊቱ አቁሙት፤ የመጣ ሰው ሁለቱንም ይይ» አልኩት።

ድንጋዩ እስካሁን አልመጣም።