እምቢታው ወግ መስሎን

ነገሩ የጀመረው ካቻምና ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። በሽምግልና መሄድ ለኔ አዲስ አይደለም፤ አዲስ አበባ እያለሁም፣ እዚህ ጄኔቭ ከመጣሁም በኋላ ብዙ ትዳር አስጀምሬያለሁ። ከሁሉም ግን ሰው ንገረን የሚለኝ ይሄኛውን ነው። ባለቤቴማ እንግዳ በመጣ ቁጥር "የኦርሊኮኑን ንገራቸው" ትልና እኔ አፌን ሳልከፍት ራሷ ትነግራቸዋለች። እሷ እየቀጠለች የምታወራውን እኔ በደንቡ ልጻፈው ብዬ ነው።

ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የምኖረው ጄኔቭ ዳር፣ ሜራን ነው። ከኛ በላይ ባለው ፎቅ ዮናስ የሚባል ልጅ ይኖራል፤ ኤርፖርት አካባቢ የአውሮፕላን ምግብ የሚዘጋጅበት ኩሽና ውስጥ ይሠራል። እዚህ አገር ዘመድ የሚለው ሰው ስለሌለው እኔንና ባለቤቴን አባትና እናት አድርጎናል። የእሑድ ምሳው እኛ ቤት ነው። አንድ እሑድ ታዲያ መብላቱን ትቶ ሳህኑን ብቻ ሲያይ ባለቤቴ ነቃችበትና አወጣጣችው። ለካ ዙሪክ የምትኖር ልጅ ወዷል። ቤዛ ትባላለች፤ ኦርሊኮን ከአክስቷ ጋር ነው የምትኖረው፤ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እየሠራች የነርስ ረዳትነት ትማራለች። እሷም ትወደዋለች።

"እና ምኑ ነው የሚያስተክዝህ?" አልኩት።

"ላግባሽ ስላት አሁን አይሆንም ትለኛለች። ምክንያቱን አትነግረኝም። ሽማግሌ ልላክ ብላት ደግሞ እንዳታደርገው አለችኝ።"

ሳቅሁበት። "ታዲያ አምጣቸው ልትልህ ነበር? እንዲህ ማለት እኮ ወግ ነው። ለኔ ተወው" አልኩት። ባለቤቴ "ልጅቷ አይሆንም ካለች አይሆንም ነው፤ አርፈህ ተቀመጥ" አለችኝ። እኔ አርፌ መቀመጥ የምችል ሰው ብሆን ኖሮ ጡረታው ባልሰለቸኝ ነበር።

ለሽምግልና ብቻን አይኬድም። ለዛቫንሼ የሚባል ሰፈር የሚኖረውን ጓደኛዬን ወርቁንና የምናስቀድስበትን ቤተ ክርስቲያን ቄስ አስከተልኩ። ወርቁ ጉልበቱን ያመዋል፤ ሽምግልና ሲባል ግን ሕመሙን ይረሳዋል። ቄሱ ዝምተኛ ሰው ናቸው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሦስታችንም ጋቢያችንን ደርበን የዙሪክን ባቡር ተሳፈርን። ወርቁ ገና ሎዛን ሳንደርስ ንግግሩን ጮክ ብሎ መለማመድ ጀመረ፤ ፊት ለፊታችን የነበረችው ሴትዮ ቦታ ቀየረች።

የቤዛ አክስት ወይዘሮ አሰለፈች ይባላሉ። በሩን ከፍተው ሲያዩን ክው አሉ። እንደምንም ፈገግ ብለው "ግቡ፣ ግቡ፤ አረፍ በሉ" አሉን። "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አልኩና ሳሎኑ መሃል ቆምን። ወርቁ በባቡር የተለማመደውን አንድም ሳያስቀር ተናገረ፤ ልጅዎን ለልጃችን ስጡን፣ ዮናስ እንዲህ ያለ ጨዋ ነው፣ እንዲህ ያለ ሠራተኛ ነው አለ።

"አይሆንም" አሉ ወይዘሮ አሰለፈች። "ትምህርት ላይ ናት።"

"ትምህርትና ትዳር መቼ ተጣልተው ያውቃሉ?" አልኳቸው።

"ገና ልጅ ናት።" እሱም አብሯት ያድጋል አልኩ። "ጠባዩን አላውቀውም።" ለዚህ ነው እኮ እኛ የመጣነው አልኩ። ሴትየዋ አንድ ሲሉ እኔ ሁለት እላለሁ። እንደዚያን ቀን አፌ ተፈትቶልኝ አያውቅም። መጨረሻ ላይ ዓይናቸው እንባ አቀረረና "እባካችሁ፣ አልችልም ብያለሁ" አሉን። ወርቁ ወደኔ ጠጋ ብሎ "እንዴት ያሉ ጨዋ ሴት ናቸው፤ ወጉን ጠንቅቀው ነው የሚያውቁት" አለኝ በሹክሹክታ።

የሠሩት ዶሮ ቤቱን አውዶታል። እኛ ግን እሺ ሳንባል አንቀምስምና ወጥተን ባቡር ጣቢያው ላይ ደረቅ ሳንድዊች በላን። ስንመለስ ሦስታችንም ደስ ብሎናል። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል ቤተሰብማ ልጁን ሊገላገል የቸኮለ ነው የሚመስለው። ለዮናስም "ጥሩ እምቢታ ነው" ብዬ ነገርኩት።

በሁለተኛው ሳምንት ተመልሰን ሄድን። ቄሱ "ደውለን ብንሄድስ?" ብለው ነበር። "ከደወልን አትምጡ ይሉናል" አልኩ። እውነቴን ነበር፤ ግን ነገሩን ያኔም አላስተዋልኩትም።

ስንደርስ ቤቱ ሰው የለበትም። ይመጣሉ ብለን ደረጃው ላይ፣ በራቸው አጠገብ ተሰልፈን ቆምን። ጥቂት ቆይቶ ባልና ሚስት የሚመስሉ ወጣቶች መጡ፤ "ግሩኤትሲ" ብለው ሰላምታ ሰጡንና ከኋላችን ቆሙ። ቀጥሎ አንድ መነጽር ያደረገ ሰው መጣና ከነሱ ኋላ ቆመ። ከዚያ ሌሎች ሦስት። ሁሉም ለበስ ለበስ ብለዋል፣ ሁሉም ፋይል ይዘዋል፣ ማንም ምንም አይናገርም። ሰልፉ ወደ ታችኛው ፎቅ ወረደ።

ወርቁ አንገቱን አስግጎ ቁልቁል አየና ፊቱ ተለወጠ። "ስማ፣ ይቺን ልጅ ስንት ሰው ነው የሚጠይቃት?" አለኝ።

እኔም ግራ ገብቶኝ ነበርና አልሳቅሁም። ነገሩ የገባን ቁልፍ የያዘች ወጣት ሴት መጥታ የትይዩውን በር ስትከፍት ነው። ለካ ቤቱ ባዶ ነው፤ የሚከራይ ቤት የሚጎበኝበት ቀን ኖሯል። ዙሪክ ቤት እንዴት እንደሚገኝ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሦስት ሽማግሌዎች ነጭ ለብሰው እንደዚያ ቀጥ ብለው ቆመው ያየ ሁሉ፣ እነዚህ ከንጋት ጀምረው ነው የቆሙት ብሎ ከኋላችን ተሰልፏል። ባለቁልፏ ልጅ ተራችሁ ነው ብላ በትሕትና አስቀደመችን። እኔ በፈረንሳይኛ ላስረዳት ስሞክር ወርቁ ገብቶ ቤቱን አይቶ ወጣ። "ኩሽናው ጥሩ ነው፤ ለሁለቱ ይበቃቸዋል" አለን።

በዚህ መሃል ወይዘሮ አሰለፈች ገበያ ውለው፣ በሁለት እጃቸው ዘንቢል ተሸክመው፣ በሰው መሃል እየተጋፉ ወጡ። ቀና ሲሉ እኛ በራቸው ላይ ነን። እኛን አዩ፣ ሰልፉን አዩ፣ ተመልሰው እኛን አዩ። "ይሄንን ሁሉ ሰው ይዛችሁ ነው የመጣችሁት?" አሉና ሳቅ ጀመራቸው። ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ሳቁ። እኛም አብረናቸው ሳቅን። ቀስ በቀስ ግን የሳቸው ሳቅ ወደ ልቅሶ ዞረ። ያኔ ነው እኔ ልቤ የከበደኝ።

"ግቡ" አሉን እንባቸውን እየጠረጉ። "እኔም ሚስጥሩን መሸከም መረረኝ፤ ዛሬ ልንገራችሁ።"

የቤዛ አባት፣ የወይዘሮ አሰለፈች ወንድም፣ አቶ ግርማ ይባላል። ልጅቷ ትንሽ እያለች ተሰድዶ ወጥቶ፣ ስንት አገር ተንከራትቶ፣ በመጨረሻ አሜሪካ ግሪን ካርድ አግኝቷል። እሱ ወረቀቱን ሲያገኝ ግን እሷ አድጋለች፤ እሷም በራሷ መንገድ፣ በበረሃና በባሕር፣ ስዊዝ ገብታ አክስቷ እጅ ላይ ናት። በያዘችው ኤፍ በሚባለው ጊዜያዊ ፈቃድ ከአገር ወጥታ ልታየው አትችልም። እሱም ወደዚህ ለመምጣት ቪዛ ጠይቆ ተከልክሏል። የቀረው መንገድ አባት ለልጁ የሚያመለክተው የአሜሪካ መኖሪያ ፈቃድ ነው፤ አመልክቶላትም ዓመታት አልፈዋል።

"ያመለከተላት ያላገባች ልጄ ብሎ ነው" አሉ ወይዘሮ አሰለፈች። "ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ሰው ያገባ ልጁን ማምጣት አይችልም። ያገባች ቀን ፋይሉ ይዘጋል፤ የጠበቁት ዓመት ሁሉ አፈር በላው ማለት ነው። ገብታ ካረፈች በኋላ ብታገባ ችግር የለውም። እስክትገባ ድረስ ግን አይሆንም።"

የኛ ሰው ያላለቀ ጉዳይ ማውራት እንደማይወድ የታወቀ ነው። አባትየውም ለማንም እንዳትናገሩ ብሏል። ሴትየዋ እውነቱን እንዳይነግሩን አፋቸው ታስሮ፣ እንዲሁ እንዳይመልሱን እኛ አልመለስ ብለን፣ መሃል ላይ ተይዘው ኖሯል። እኔ ደግሞ ወግ አዋቂ ናቸው እያልኩ አደንቃቸዋለሁ። አፈርኩ።

ቤዛ በዚያው ከሥራ ገባች። ቀጠን ያለች፣ ቀጥ ብላ ሰው የምታይ ልጅ ናት። ማን እንደሆንን ስትሰማ ተቀየመችን፤ እንዳይልካችሁ ነግሬው ነበር አለች። "ለዮናስ ለምን አልነገርሽውም?" አልኳት።

"ብነግረው ቅሪ ይለኝ ይሆናላ" አለችኝ። "ቅሪ ካለኝ ደግሞ እቀራለሁ። እሱን ነው የፈራሁት።"

ወይዘሮ አሰለፈች ይህን ሲሰሙ ስልካቸውን አንስተው ለወንድማቸው በቪዲዮ ደወሉ። እነሱ ዘንድ ገና ጠዋት ነው። አቶ ግርማ የሥራ ልብሱን ለብሶ፣ ሊወጣ ሲል ነው ያገኘነው። እኔ አሁንም እንደቆምኩ ነኝ። ከልማድ የተነሳ ሌላ አነጋገር አልመጣልኝም፤ ያንኑ "ልጅዎን ለልጃችን..." የሚለውን ጀመርኩ።

ንግግሬን ሰምቶ ጨረሰ። ከዚያ "ጋሼ፣ ልጅህን ስጠን ነው የምትሉኝ" አለ። "እኔ እኮ ገና አላገኘኋትም። ትቻት ስወጣ የወተት ጥርሷ አልወለቀም ነበር። በእጄ የሌለችውን ልጅ እንዴት አድርጌ ልስጣችሁ?"

ቄሱ አንገታቸውን ደፉ። ወርቁ ሶፋው ላይ ቁጭ አለ፤ እኔም ተቀመጥኩ። ከዚያ ምግብ ቀረበ፤ እኛም እሺ ሳንባል በላን።

የቀረው ለዮናስ መንገር ነበር። ቤዛ ራሷ ልትነግረው ፈልጋ ነበር፤ ኋላ ግን "እኔ ከነገርኩት ሁለታችንም እናለቅሳለን እንጂ አንነጋገርም፤ እናንተ ጀምሩልኝ" አለችን። በማግስቱ፣ እሑድ፣ ያንኑ ጋቢ ደርበን አንድ ፎቅ ወጣንና አንኳኳን። ልጁ ሲያየን እሺ የተባለ መስሎት ፊቱ በራ። ተቀመጡ አለን፤ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አልን።

"ልጄ፣ እንዳታገባ ልንለምንህ ነው የመጣነው" አልኩት።

የምንቀልድበት መስሎት ሳቀ፤ ቄሱን ሲያያቸው ሳቁን ተወው። ሁሉንም ነገርነው። ወደ መስኮቱ ዞረና "እሺ ባልልስ?" አለ።

"ተመልሰን እንመጣለና" አለ ወርቁ።

ዮናስ ሳይወድ በግዱ ሳቀ። ከዚያ ስልኩን ይዞ ወደ መታጠቢያ ቤት ገባ፤ ከቤዛ ጋር ብዙ ተነጋገሩ። ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል። "እጠብቃለሁ ብያታለሁ" አለን።

ከዚያ በኋላ የኛ ሥራ መጠበቅ ሆነ። ወርቁማ ዮናስ ዙሪክ ሊሄድ ሲል "አደራ፣ እንዳትጋቡ" እያለ ስለሚሸኘው ልጁ ተማረረ። ወራት አልፈው ቀጠሮው ደረሰ፤ ቤዛ በርን ከተማ ያለው የአሜሪካ ኤምባሲ ሄዳ ቃለ መጠይቋን አለፈች። ቪዛዋን ያገኘች ቀን ወይዘሮ አሰለፈች ደውለው እልል ሲሉ የባለቤቴ ስልክ ሊሰነጠቅ ነበር። ዙሪክ ኤርፖርት ሄደን ሸኘናት። ዮናስ ሻንጣዋን አልሰጥም ብሎ እስከ መጨረሻው በር ድረስ ያዘው። ተቃቅፈው ሲያለቅሱ እኔም ዘወር ብዬ አለቀስኩ፤ ባለቤቴ አይታኛለች።

ሳምንት ሳይሞላ ዮናስ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ። "ጋሼ፣ ገብታለች እኮ። ፋይል የለ፣ ምን የለ። ይደውሉላቸው" አለኝ። ልክ ነው ብዬ ደወልኩ፤ እሱም እንዲሰማ ድምፁን ከፈትኩት።

አቶ ግርማ በሹክሹክታ ነው ያነሳው። "ቀስ ብለው ያውሩ ጋሼ፣ ተኝታለች" አለኝ። "ሰዓቱ ተዘበራርቆባታል መሰለኝ፤ እዚህ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ጣላት። ሥራ ቀርቼ እያየኋት ነው።"

እኔም ድምፄን ዝቅ አድርጌ ንግግሬን ልጀምር ስል አቋረጠኝ። "ለምን እንደደወሉ ገብቶኛል። ስለ ልጁ ነግራኛለች፤ ወድጄዋለሁ፤ እምቢ አልልም። ግን ጋሼ፣ እስቲ መጀመሪያ ለኔ ስጡኝ። እስከ ፋሲካ ብቻ ትንሽ አብራኝ ትቆይ።"

ልጃችሁን ስጡን እያልኩ ስንት ሰው ደጅ ቆሜያለሁ። አባት ልጄን ስጡኝ ብሎ ሲለምነኝ ግን ሰምቼ አላውቅም። ዮናስን አየሁት። እሱም ይሁን ብሎ ራሱን ነቀነቀልኝ። "ሰጥተንሃል" አልኩት። ከዚያ ባለቤቴ ስልኩን ተቀብላኝ እሷው ተሰናበተችልኝ።

አሁን ጾሙ እየተጋመሰ ነው። ዮናስ እሑድ እሑድ ሲመጣ ጋቢዬ ታጥቦ እንደሆነ ይጠይቀኛል፤ ወርቁም ንግግሩን እንደገና እየተለማመደ ነው አሉ። ልጁ ያሳዝነኛል፤ እንዲሳካለትም ቀን ከሌት እጸልያለሁ። እውነቱን ልናገር ካልኩ ግን፣ አባትየው ደውሎ ጥቂት ቀን ጨምሩልኝ ቢለኝ እጨምርለታለሁ።