እናቴን ሊያዩ የመጡት ሽማግሌዎች

እኔ ነገር በሆዴ መያዝ አልችልም፤ እናቴን አልወጣሁም። የጡት ካንሰሩ አጥንቷ ውስጥ ከገባ ወዲህ አብሬያት የማድረው እኔ ነበርኩ። ስትጮህ እሰማለሁ፣ አቅፋታለሁ፣ ምንም አላደርግላትም። እንዲህ ያለ ቅጣት ለጠላቴም አልመኝም።

ሐኪሙ፣ "ከእንግዲህ የሚያስታግስላት ሞርፊን ነው" አለኝ።

"ታዲያ ይሰጣታ!"

መድኃኒቱ ጥብቅ ቁጥጥር ስላለበት እዚህ ሆሳዕና ከተማ አይገባም፤ አዲስ አበባ መሄድ አለባት አለ። እናቴን? በሚኒባስ? ከአልጋ ተነስታ ሽንት ቤት መድረስ ያቃታትን ሴት! ንዴቴን አይቶ ነው መሰለኝ፣ ሆስፒታሉ ብቻውን ከሚጠይቅ የከተማው ሰውም አብሮ ቢጠይቅ ጤና ቢሮ ሊሰማን እንደሚችል ነገረኝ።

እሁድ ከቸርች መልስ ዕድራችን ሲሰበሰብ ተነሳሁ። ዕድሩ ጤና ቢሮ ሄዶ መድኃኒቱ እዚህ እንዲገባ ይጠይቅልን አልኩ። ጉምጉምታ ሆነ።

"ይሄ ልጆቻችንን የሚያጠፋው ዕፅ አይደለም እንዴ?" አለ አንዱ።

"የታመመችው እናቴ ናት! እሷ በዚህ ዕድሜዋ ዱርዬ ልትሆን ነው?" ብዬ ጮህኩበት። አንዳንዶቹ ሳቁ፤ እኔ ግን እያለቀስኩ ነበር።

የዕድሩ ዳኛ እጅ አስወጡን። አብዛኛው ሰው ደገፈኝ፤ እግዜር ይስጣቸው። ግን ያላዩትን መመስከር ነውር ነውና ሦስት ሽማግሌዎች መጀመሪያ በሽተኛዋን እንዲያዩ ተወሰነ።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ መጡ። ትራስ አስደገፍኳትና፣ "እማዬ፣ በሞቴ፣ የሚያምሽን ሁሉ ንገሪያቸው" አልኳት። ራሷን ነቀነቀችልኝ።

"እንዴት ነሽ እህታችን?" አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

"ጌታ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። እናንተስ? ልጆች ደህና ናቸው? ከብቶቹስ?" ፈገግ አለችላቸው። ይባስ ብላ ወደኔ ዞረችና፣ "ምን ይገትርሻል? ለአባቶች ሻይ አታቀርቢም?" አለችኝ።

"ኧረ ውሸቷን ነው! ስትጮህ ነው ያደረችው!"

ሽማግሌው በአዘኔታ አዩኝ። "ልጄ፣ አንቺ ነሽ የደከምሽው። እሷማ ከኛም ትሻላለች።" ቆመው የምስጋና ጸሎት አደረጉ። ጌታ ከረዳት፣ ቢሮ ገብቶ ዕፅ ስጡን ማለቱ ይቆይ ተባባሉ። እናቴም "አሜን" አለች።

ሸኝቻቸው ተመለስኩ። "ምነው እማዬ? ምን አደረግኩሽ? ምነው አንድ ቃል ብትነግሪያቸው!"

"ሽማግሌ ፊት ልጩህ? እንዲያ ነው ያሳደግኩሽ?"

ትራሷን አስተካከልኩላት።

"ሄዱ?" አለችኝ።

"ሄዱ።"

"ከግቢ ወጥተዋል?"

"ወጥተዋል።"

"አስፋልቱን ተሻግረዋል?"

በመስኮት አየሁ። "ተሻግረዋል እማዬ።"

እጄን ጨምድዳ ያዘችኝና ጮኸች።