በአባቴ በረባሶ የተለካ ጥላ

ውሃ ወደ ደረቀ ቦይ ገብቶ አቧራውን እያራሰ ሲሄድ የሚያወጣው ሽታ አፍንጫዬ ላይ በመጣ ቁጥር፣ ከቆቦ ወጣ ብሎ የነበረው ማሳችንና ጎንበስ ብሎ ጥላውን የሚለካው አባቴ አብረው ይመጡብኛል።

አባቴ በዚያ በደርግ ዘመን የመንደራችን የውሃ አባት ነበር። ክረምት ጎርፉ ለሁሉም ይበቃ ስለነበር እምብዛም አይደክምም፤ በጋ ገብቶ ወንዙ ሲቀጥን ግን ውሃውን በተራ የሚያከፋፍለው እሱ ነበር። ሰዓት አልነበረውም። ፀሐይ ላይ ቆሞ የጥላውን ጫፍ ምልክት ያደርግና ተረከዝና ጣቱን እያገጣጠመ በእግሩ ይቆጥር ነበር። ከሰዓት በኋላ ጥላው ሰባት እግር ሲሞላ የእኛ ማሳ ይዘጋና እስኪመሽ ድረስ የጎረቤታችን የእትዬ መዲና ተራ ይሆን ነበር፤ እሳቸውም ባላቸው ሞተውባቸው ከዚያች በቆሎ ሌላ ተስፋ አልነበራቸውም።

ሰባተኛ ክፍል ስገባ የሳይንስ መምህራችን ሜትርና ኪሎግራም አስተማረን፤ መለኪያ ከሰው ሰው ከተለያየ መለኪያ እንዳልሆነ፣ ሦስት ጊዜ ለክቶ አማካዩን መውሰድም ስሕተትን እንደሚቀንስ ነገረን። እኔም የገባኝ መስሎኝ አፍንጫዬን ነፍቼ ከረምኩ።

ጥር ላይ አባቴን ወባ ጣለው። እየተንቀጠቀጠ «ሂጂና ጥላሽን ለክተሽ ውሃውን ለመዲና ልቀቂላት» አለኝ። ውሃው ሁልጊዜ የሚለካው በአባቴ እግር ስለነበር፣ በእኔ ትንሽ እግር ከተለካ ሰው የሚያጣላ መሰለኝ። ስለዚህ ከመኪና ጎማ የተሠራውን በረባሶውን ይዤ ወጣሁና ጥላዬን በሱ ለካሁ። ሰባት እስኪሞላ ብዙ ጠበቅሁ፤ ሲሞላ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ለክቼ ሦስቱም አንድ ዓይነት ሲሆኑልኝ ልቤ ሞላ። ውሃው የእትዬ መዲናን ማሳ ሳያዳርስ መሸ።

በማግስቱ መንደሩ ሁሉ «የውሃ አባት የራሱን አጠጣ» ይል ጀመር። አባቴ ትኩሳቱ ሳይለቀው ጋቢውን ደርቦ ተነሣና ረፋዱ ላይ እጄን ይዞ ማሳው ዳር አቆመኝ፣ እሱም ጎኔ ቆመ። እሱ በእግሩ ለካ፣ እኔንም በእግሬ አስለካኝ፤ የሁለታችንም ዘጠኝ ሆነ። ከዚያ በረባሶውን አውልቆ ሰጠኝ። በሱ ስለካው የእኔ ጥላ ከሰባት አላለፈም።

«ልጄ፣ የእኔ እግር ያደገው ከእኔ ቁመት ጋር ነው፤ ያንቺም ካንቺ ጋር» አለኝ።

ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ጥፋቱ ከቤቱ እንደወጣ በሰው ፊት ተናግሮ የእኛን ቀጣይ ተራ ለእትዬ መዲና ሰጠ። እሳቸውም ፊቱን አይተው «አላህ ያሽርህ፤ ልጅቱን እንዳትመታት» አሉት።

«ምን ብዬ እመታታለሁ? እኔን አክብራ ነው የሳተችው» አለ።

በዚያ ዓመት ከእኛ በቆሎ የዳሩ ረድፍ ደረቀ፤ አባቴ ግን አንድም ቀን አላነሣብኝም።

ዛሬ እኔው የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ስለ ልኬት ስሕተት ሳስተምር፣ ሰው ሦስት ጊዜ ለክቶ ሦስቱንም ጊዜ ሊስት እንደሚችል እናገራለሁ፤ በማን ጫማ እንደሳትኩ ግን አልናገርም። በእጄ ሰዓት አለ። ቢሆንም ጥር በገባ ቁጥር በዚያው በረፋዱ ሰዓት ግቢው ውስጥ ቆሜ ጥላዬን በእግሬ እለካለሁ። ቁመቴም እግሬም አድገዋል፤ ቁጥሩ ግን ያው ዘጠኝ ነው። ጎኔ ቆሞ አብሮኝ የሚቆጥር ብቻ የለም።